እስከ ሦስተኛው ቀን

ለተወደድሽው አበልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ዳገቱን መውጣት አስችሎሻል? የልጅሽ ልጆችስ? ትንሿ ጥርስ አበቀለች? ያ የበርሽ የብረት እጅስ አሁንም አለ? ቤቱን የገዛችሁ ጊዜ፣ «በሩ ላይ የሰው እጅ የመሰለ ማንኳኪያ አለው፤ ልጆቹ እያንኳኩ አላስቀምጥ አሉኝ» ብለሽ የጻፍሽልኝ ትዝ ይለኛል። አይቼው ባላውቅም በዓይኔ ላይ አለ። ስልክ ብደውልልሽ አላነሳ ስትዪኝ ጊዜ ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ወደ ወረቀቱ መጣሁ። እኔ ከመገጣጠሚያዬ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። «ደህና ነኝ» የሚለውን ግን ልጄ ከሞተ ወዲህ ስጽፈው እጄን ይከብደኛል። ስምንት ወር ሞላው።

እንደምታውቂው ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ እያስቀመጥኩ ስለምሄድ፣ ነገሩ ቢንዛዛብሽ ታገሺኝ። የምጽፈው የፍራሽ ጨርቅ በምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ጥጥ ተጣብቆ ብታገኚ አትገረሚ።

ልነግርሽ የፈለግሁት ቤቴ ስለመጣ አንድ እንግዳ ነው።

አንቺ ከዚህ ከተማ ከሄድሽ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆንም፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያሰቀልሽው የእንግዳ ሰሌዳ አልወረደም። የየሳምንቱ ባለ ተራ ስም አሁንም በጠመኔ ይጻፍበታል። ማደሪያ ያጣ መንገደኛ ሲመጣ ጥበቃው ሰሌዳውን አይቶ ወደ ባለ ተራው ቤት ይልከዋል። ሕጉም ያው አንቺ ያወጣሽው ነው። ይብላ፣ ይታጠብ፣ ይተኛ፤ እስከ ሦስተኛው ቀን ስሙም፣ የመጣበትም፣ የሚሄድበትም አይጠየቅ። ያኔ ቄሱ ለምን ሲሉሽ፣ «አባ፣ የደከመ ሰው ሲጠይቁት ይዋሻል፤ ሲያርፍ ራሱ ይናገራል» ብለሽ የመለስሽላቸውን ዛሬም በስብከት ያነሱታል።

ልጄ ሲሞት ቄሱ ስሜን ከሰሌዳው ሊያወጡት ነበር፣ ሐዘንተኛ ናት ብለው። አይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ልጄ ሰው አገር ታሞ ሲወድቅ አንቺ እንዳነሳሽው፣ አልጋሽን እንደለቀቅሽለት፣ ሳይሠቃይ እጅሽ ላይ እንዳረፈ፣ ዓይኑንም አንቺ እንደከደንሽው ጽፈሽልኛል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከተቀበረ በኋላ ቢሆንም፣ እንቅልፍ የሰጠኝ እሱ ነው። ልጄ በባዕድ እጅ ሳይሆን በክርስትና እናቱ እጅ ሞተ እያልኩ ነው የማድረው። ከማንበቤ ብዛት መታጠፊያው ተቀደደ። ለልጄ የተደረገለትን እኔም ለሌላ ሰው ላድርግ ብዬ ነው ስሜ እዚያ እንዲቆይ የፈለግሁት።

ሰውየው የመጣው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ እኔ ከአንድ ሆቴል የመጣልኝን አሥራ ሁለት ፍራሽ ዘርግፌ የጓጎለውን ጥጥ እየባዘትኩ ነበር። በሩን ስከፍት ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚጠጋ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ቆሟል። እጁ ጥቁር ነው፤ ታጥቦ የማይለቅ፣ ጣቱ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ጥቁር። በሸራ የተጠቀለለ ነገር በገመድ አስሮ ደረቱ ላይ አቅፏል። እሱ ተነክሮ ጥቅሉ ግን አልረጠበም። ከቤተ ክርስቲያን ልከውኝ ነው አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ከዚያ ሳለ።

አበልጄ፣ ያን ሳል አውቀዋለሁ። ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልኝ ዕለት በስልክ የሰማሁት ሳል ነው፤ ከሆድ ተነስቶ ጫፉ ላይ የሚሰነጠቅ። እጄ በሩ ላይ ቀረ። ልዝጋው ብዬ አሰብኩ፤ አልዋሽሽም። ቤቴ ውስጥ የምሳሳለት ሕፃን እንኳ የለም፤ የሳሳሁት ለዚህችው ላረጀች ነፍሴ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ስሜ ትዝ ሲለኝ አፈርኩና «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ» አልኩት። ሾርባና ዳቦ ሰጠሁት። የጠጣበትን ብርጭቆ ግን እሱ ሳያየኝ ለይቼ በፈላ ውሃ ቀቀልኩት።

የማሳድረው ልጄ ክፍል ውስጥ ነው፣ ፎቅ። የእንጨት ደረጃችንን ታስታውሺዋለሽ፤ አራተኛው ልል ነው፣ ከረገጡት ይገለበጣል። ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ የሚጠግነው ጠፍቶ የቤቱ ሰው መዝለል ለምዷል። እንግዳ ሲወጣ «አራተኛውን ዝለል» ብዬ ማስጠንቀቅ ልማዴ ነው። ያን ቀን ፎጣ ስፈልግ ረሳሁት። ትዝ ብሎኝ አፌን ስከፍት ሰውየው ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ቆመ፣ ጥቅሉን ወደ ላይ ሳብ አደረገ፣ አራተኛውን ተሻግሮ አምስተኛውን ረገጠ። ደረጃው ጨለምለም ያለ ነው፣ ልልነቱ በዓይን አይታይም። ፎጣውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ቤቴን ማን አሳየው? መቼ ነው የገባው? ልጠይቀው ብል ያንቺ ሕግ አፌን ይዞኛል።

ረቡዕ ጠዋት እሱ ግቢ ውስጥ ፊቱን ሲታጠብ ክፍሉን ላጽዳ ብዬ ወጣሁ። መቼም ስንት ዘመን ፍራሽ ስሠራ ኖርኩ፤ ሰው እንዴት እንዳደረ ፍራሹን አይቼ አውቃለሁ። ማን በጎኑ እንደሚተኛ፣ ማን ሲገላበጥ እንደሚያድር፣ የትኞቹ ባልና ሚስት ተኳርፈው ጀርባ እንደተሰጣጡ ሳይቀር። የእሱ ፍራሽ ማክሰኞ እንዳነጠፍኩት ነው፤ አንሶላው ላይ አንድ መስመር የለም። ከአልጋው ጎን ወለሉ ላይ ግን የሰው ቁመት ያህል አቧራው ተጠርጓል። አልጋው ላይ ሌላ ሰው የተኛ ይመስል፣ እሱ አጠገቡ መሬት ላይ ነው ያደረው። ልጄ አልጋ አጠገብ።

ከሰዓት ጎረቤቴ መጣች፣ ያቺ መንደሩ የተናገረውን ሁሉ ስለምትይዝ «ቃለ ጉባኤ» ብለሽ ስም ያወጣሽላት። ጨው አበድሪኝ አለች። ጨውዋ አልቆ አያውቅም፤ የምታየው ነገር ሲኖር ነው የሚያልቀው። በር ላይ ያለውን ጫማ አየች፣ የተሰጣውን ጃኬት አየች፣ ከዚያ ተጠግታ ታወራኝ ጀመር። ከዋናው መንገድ ማዶ ያለችው ባልቴት በጠራራ ፀሐይ ተዘርፋለች፤ የዘረፋትም «ማደሪያ አጣሁ» ያለ ሰው ነው፤ የዛሬ ሌባ አጥር አይዘልም፣ በር አንኳኩቶ ሾርባ ጠጥቶ ነው የሚሰርቀው። በመጨረሻም «አንቺዬ፣ ጌታ እንግዳ ተቀበሉ አለ እንጂ ታረዱ አላለም» ብላ ጨውዋን ረስታ ሄደች። ሳቅሁ። እሷ ስትወጣ ግን ትልቁን የጨርቅ መቀስ ከመሳቢያ አውጥቼ ቀሚሴ ኪስ ከተትኩት።

እዚህ ላይ ትናንት አቁሜ ነበር። የሆቴሉ ሰው ፍራሹን ሊወስድ መጣ። ዛሬ ከዚያው እቀጥላለሁ።

ሐሙስ፣ ሦስተኛው ቀን ነበር። ሰውየው ገላውን ሊታጠብ ወረደ። ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አልጠየቅሽኝም እንጂ ብትጠይቂኝ አንሶላ ልቀይር ነው እልሽ ነበር፣ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ። ጥቅሉ ተፈቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከሸራው ጫፍ ጨርቅ ብቅ ብሏል፤ የፍራሽ ጨርቅ፣ ሰማያዊ መስመር ያለው። ገለጥ አደረግሁት። ልጄ ለቀለም ቅብ ሥራ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ ሲሄድ ከቁርጥራጭ ገጣጥሜ የሰፋሁለት ብርድ ልብስ ነው። ክር አልቆብኝ አንዱን ጥግ በቀይ የጨረስኩት ሳይቀር።

ስለዚህ ብርድ ልብስ ጠይቄሽ ነበር። ቦርሳውን ስትልኪልኝ አብሮ ስላጣሁት። ሐኪሙ ከአልጋ ልብሱ ጋር አቃጥሉት ብሎ ተቃጠለ ብለሽ መለስሽልኝ። የተቃጠለው ብርድ ልብስ ይኸው ጉልበቴ ላይ ነው፣ በሳሙና ታጥቦ።

በዚያች ሰዓት የመጣልኝ ሐሳብ ሁሉ በሰውየው ላይ ነበር። ልጄን አንድ ነገር ያደረገው እሱ ነው አልኩ። ልጄን አስጨንቆ ስለ ቤቴ፣ ስለ ደረጃዬ ያናገረው፣ አሁን የቀረችውን እናት ሊጨርስ የመጣ። የእግሩን ድምፅ ስሰማ ወጥቼ ከበሩ ጎን ጨለማው ውስጥ ቆምኩ። እየሳለ ገባ። ቶሎ ብዬ በሩን ሳብኩና ቁልፉን ከውጭ አዞርኩት።

በሕይወቴ እንግዳ ላይ ቆልፌ አላውቅም፣ አበልጄ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም፤ አራተኛውን ግን ዘልዬዋለሁ መሰለኝ፣ እግሬ ከእኔ የተሻለ ያውቃል። በአንድ እጄ ዳዊቴን፣ በሌላው ኪሴ ውስጥ መቀሱን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ቄሱ ሰምተውኝ ሲያበቁ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ስንተኛ ቀኑ ነው አሉኝ። ሦስተኛ አልኳቸው። እንግዲያው መጠየቅም ትችያለሽ፣ ፖሊስ መጥራትም ትችያለሽ፤ ግን ጥያቄውን አስቀድሚው አሉ። ብቻዬን አልላኩኝም። መጥተው እታች ጥጡ መሃል ተቀመጡና ያስነጥሱ ጀመር።

በሩን ስከፍት ሰውየው ወለሉ ላይ፣ አልጋውን ተደግፎ ተቀምጧል። ብርድ ልብሱን አጥፎ ጭኑ ላይ አድርጎታል። አልተቆጣም።

«እማማ፣ ሲቆለፍ ሰምቻለሁ» አለኝ። «ግድ የለም። ተቆልፎብኝ ውጭ ከመቅረት ውስጥ መቅረት ይሻለኛል።»

መቀሱን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ብርድ ልብሱን ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ያየኝ።

«ጭራሮ ልኮኝ ነው» አለ።

አበልጄ፣ ጭራሮ የሚለውን ስም በዓለም ላይ ሦስት ሰው ነው የሚያውቀው። ክርስትና ሲነሳ ክንዱን አይተሽ ያወጣሽለት አንቺ፣ እኔና እሱ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቄሱ ከታች ደህና ነሽ ወይ ብለው ሲጣሩ «ሰላም ነው አባ» ያልኳቸውን እንኳ ኋላ ነው እሳቸው የነገሩኝ።

ታዲያ ለምን ማክሰኞ ዕለት በሩ ላይ አልነገርከኝም አልኩት። ጭራሮ ስለ ቤታችሁ ሁሉን ነግሮኛል አለ፤ ስለ ደረጃው፣ ስለ ሰሌዳው፣ እስከ ሦስተኛው ቀን ነገር እንደማይነሳ። እሱ ሕጉ እንግዳውንም ዝም የሚያሰኝ መስሎት ኖሯል። ሦስት ቀን ምላሱን ነክሶ፣ ዛሬ ያስወጡኛል፣ ነገ ያስወጡኛል እያለ ሲፈራኝ ነበር። እኔ መቀስ ይዤ እሱን ስፈራ፣ እሱ ብርድ ልብስ ታቅፎ እኔን ሲፈራ፣ ሁለታችንም ሕግ አክባሪ ነን ብለን። ሳቃችን መጣ። ከሳቁ ሳንወጣ አለቀስን።

የነገረኝን እንደነገረኝ ልጻፍልሽ። ከዚህ አልጨምርም፣ አልቀንስምም።

ሥራው ጎማ ጥገና ነው፤ የእጁ ጥቁረት ከዚያ ነው። አንድ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ልጄ የጎማ ክምር ተደግፎ ተቀምጧል። ከሚከራይበት ክፍል በሳሉ ምክንያት አስወጥተውታል። ዳገቱ ላይ የማውቃት ሴት አለች፣ አድርሰኝ ብሎ ለመነው። መራመድ ስላቃተው ጀርባው ላይ አዝሎ ወሰደው። ደረሱ። በሩ ላይ የብረት እጅ አለ። እጆቹ ልጄን ስለያዙ የብረቱን እጅ በግንባሩ እየገፋ ነው ያንኳኳው። ከውስጥ የሕፃናት ድምፅ ይሰማል። መጋረጃው ተነካ። በኋላ በሩ ሰንሰለቱ እስከፈቀደ ተከፈተና ከውስጥ የሴት እጅ ዳቦና የተጠቀለለ ብር ደፉ ላይ አኖረች። በሩ ተዘጋ። እሱ ሊጮህ ሲል፣ ከመዝጊያው ሥር ቁጭ ብላ የምታለቅስ ሴት ድምፅ ሰማ። ልጄም በጆሮው «ፈርታ ነው፤ ልጆች አሉባት። አትፍረድባት፤ መልሰኝ» አለው።

ወርጄ ውሃ ልጣድ ብዬ ተነሳሁ። ውሃውን ቄሱ ቀድመው ጥደውት ነበር። ቆሜ ሲፈላ አየሁትና ተመለስኩ።

ያለችው አንዲት ክፍል ናት አለ፣ ከሱቁ ጀርባ፤ አንዲት አልጋ። ልጄን አልጋው ላይ አስተኝቶ እሱ ወለሉ ላይ ተኛ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን። ሐኪም አምጥቷል፣ መድኃኒት ገዝቷል፤ ዘግይቶ ነበር። እሑድ ጠዋት ሞተ። ዓይኑን የከደነው በዚያ ታጥቦ በማይለቅ እጁ ነው። ልጄ በተናዘዘው መሠረት ቦርሳውን ወደዚያው በር አደረሰ። ሴትየዋ ከመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ሆና አስቀምጠው አለችው፤ ከዚያ «ተሠቃየ?» ብላ ጠየቀችው። አልተሠቃየም አላት። ብርድ ልብሱን ግን ልጄ ለእናቴ በእጅህ ስጥልኝ ስላለው አስቀረው። ለምን ስምንት ወር ዘገየህ አልኩት። ሳሉ እሱንም ጥሎት ነበር። ስድስት ወር መድኃኒት ወስዶ፣ ከእንግዲህ ወደ ሌላ አይተላለፍም የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ከጤና ጣቢያ ተቀብሎ ነው የመጣው። ወረቀቱንም አሳየኝ። ብርጭቆውን ስቀቅል አይቶኝ ኖሯል።

በመጨረሻ፣ ያቺን ሴት ያውቋታል ወይ አለኝ፤ ጭራሮ ማንነቷን ሊነግረኝ አልፈለገም አለ። አላውቃትም አልኩት። ለእንግዳ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ያን ዕለት ማታ አልጋው ላይ ውጣ አልኩት። ዓርብ ጠዋት ስገባ ፍራሹ የሰው ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል። እጄን ጉድጓዱ ላይ አሳረፍኩ፤ ገና ይሞቅ ነበር። እስካሁን እኔው ጋ ነው። ከመናኸሪያው አጠገብ ጎማ ቤት ሥራ አግኝቷል። ጥጥ አላስነካውም፣ ለደረቱ አይሆንም። ቅዳሜ ደግሞ አራተኛውን ደረጃ ጠገነው። ጠንካራ ነው፣ እኔ ግን አሁንም እዘለዋለሁ።

አበልጄ፣ ፍርሃቴ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም። አሁን የምፈራው ይህን ደብዳቤ ነው። ከፖስታ ቤት መልስ ሳላገኝ ወራት እንዳይነጉዱ፣ ከመዝጊያ ሥር የተቀመጠ ሰው ብቻውን እንዳይቀር እፈራለሁ። እኔ በሩ ላይ እጄ ቀርቶ እንደነበር ነግሬሻለሁ። ብርጭቆ ቀቅያለሁ፣ መቀስ ይዣለሁ፣ ከውጭ ቆልፌያለሁ። ያውም ሕፃን በሌለበት ቤት። ከአሁን ወዲያ በማንም በር ላይ የምለው ነገር የለኝም።

ያንቺን ደብዳቤ አልጣልኩትም። የተቀደደውን መታጠፊያ በቀጭን መርፌ ሰፋሁት። ፊደሉን ትንሽ ሸፍኖታል፣ ግን ይነበባል።

ተራዬ በመጪው ወር መጀመሪያ ይደርሳል። ስሜ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ነይ። ለጉልበትሽ እንዲመች እታች፣ ደረጃ በሌለበት ነው የማነጥፍልሽ፤ አዲስ ጥጥ ሞልቼዋለሁ፣ ማንም አልተኛበትም። የእኔ በር የብረት እጅ የለውም፣ በእጅሽ ነው የምታንኳኪው፤ ቀስ ብለሽም ብታንኳኪ እሰማለሁ። ትበያለሽ፣ ትታጠቢያለሽ፣ ትተኛለሽ። እንግዳዬ ያን ጊዜም እዚሁ ይኖራል። የሴትየዋን ፊት አላየም፤ ድምፅዋን ግን ሰምቷል። አትፍሪ። የቤቱን ሕግ አሁን በደንብ አስረድቼዋለሁ፤ እሱም እኔም እስከ ሦስተኛው ቀን ምንም አንጠይቅሽም። ከሦስተኛው ቀን በኋላም ብትፈልጊ ነው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የልጅ ልጆችሽን ከሳልና ከክፉ ሁሉ ይሰውርልሽ። እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። ጉንጫቸውን በእኔ ስም ሳሚልኝ።

አንቺን የምትጠብቅ፣
የክርስትና ልጅሽ እናት